ለአንገት አስደፊ የተመረጠ ሳጥን

አባቴ በቃሬዛ አልሄድም ካሉ አልሄድም ነው። ሽማግሌ ብትልኩባቸው፣ ጉልበታቸውን ስማችሁ ብትለምኗቸው፣ ፊታቸው ተደፍታችሁ ብታለቅሱ ወይ ፍንክች! እኔም የእሳቸው ልጅ ነኝና ግትርነቱን አልጠላባቸውም፤ ግን ሲያበግኑ ያበግናሉ።

መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ይባላሉ። ከዘመሮ ማዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ አፋፉ ላይ ባለችው አምባ ማርያም ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው ያድራሉ፣ ቀኑን ከተማሪ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። የመንዝ ብርድ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው ጉልበት ለይቶ ይይዛል። ቁርጥማቱ ሲበረታባቸው፣ እናቴም ካረፈች ቆይታ ነበርና፣ ዘመሮ ከተማ ቤቴ አምጥቼ አስቀመጥኳቸው። ሜዳ ከሆነ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከአልጋቸው እስከ አጥሩ በር ይደርሳሉ። ዳገት ግን በቃ። በበቅሎ እንዳይወጡ ዳሌያቸው አይከፈትም። የማርያምን ደጅ ሳይረግጡ ዓመት አለፈ።

እሑድ እሑድ ፀሐይ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። ከማዶ ደወሉ ሲሰማ ፊታቸውን ወደ አፋፉ አዙረው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ዜማውን ይመታል። ያን ሳይ አንጀቴን ይበላኛል። እህል ላቅርብ ብላቸው አይሰሙኝም።

አንድ ጊዜ የሰፈሩ ጎረምሶች ተሰብስበው ቃሬዛ ይዘው መጡ። "መሪጌታ፣ እኛ እያለን! ተሸክመን እናድርስዎት እንጂ" አሏቸው። አባቴ ቃሬዛውን ትክ ብለው አዩት።

"በቃሬዛ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ሬሳ ነው" አሉ። "እኔም አንድ ቀን እገባበታለሁ። ያን ቀን እናንተም አትጠይቁኝም፣ እኔም አልከለክላችሁም። እስከዚያ ግን በእግሬ ነው የምገባው።"

ልጆቹ አፍረው ተመለሱ። እኔ ግን ነገሩ በዚህ እንዲያልቅ አልፈለግኩም። ሹፌር ነኛ!

አመተሥላሴ እባላለሁ። ከዘመሮ በግ ጭኜ ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት አደርሳለሁ፤ ደብል ጋቢና ፒካፕ አለችኝ፣ ቱርቦ ያላት። ሴት መሪ ጨበጠች ብለው አፋቸውን ይዘው ያዩኝ የነበሩ ነጋዴዎች ዛሬ በገበያ ቀን "አመቴ፣ የእኔን አስቀድሚልኝ" እያሉ ይሻሙብኛል። ባሌ አወቀ ገብሱንና በጎቹን ይዞ ከመሬቱ ጋር ነው። "የአንቺ ፈረሶች ሞተር ውስጥ ናቸው፤ እኔ የምነዳቸው በሬዎች ቢያንስ ይታያሉ" እያለ ይቀልድብኛል።

"አባዬ" አልኳቸው ጎረምሶቹ እንደሄዱ፣ "መኪናስ እንደ ቃሬዛ ነው?"

"መኪና ላይ ሰው ቁጭ ብሎ ነው የሚሄደው" አሉ። "ቁጭ ያለ ሰው ሬሳ አይባልም።"

"እንግዲያው በሩ ድረስ አደርስዎታለሁ። ግቢው ሜዳ ነው፤ ከዚያ በእግርዎ ይገባሉ።"

"አድርሰሽ አሳዪኝ" አሉ። ፊታቸው ግን በርቶ ነበር።

ወደ አምባ ማርያም የሚያወጣው ዳገት አንገት አስደፊ ይባላል። ያን ጊዜ ቀበሌው ሰውን በአንድ ለአምስት እያደራጀ በየአቅጣጫው መንገድ ያስጠርግ ነበርና አንገት አስደፊንም አስጠረገው፣ ጠጠርም አለበሰው። ሪፖርት ላይ መኪና የሚያስገባ መንገድ ተባለ። ሊገመግሙት የመጡት ሰዎች መኪናቸውን ወንዙ ዳር አቁመው በእግራቸው ነው የወጡት፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

በመስከረም ማርያም አባቴን ነጭ በነጭ አልብሼ ከጎኔ አስቀመጥኳቸውና ዳገቱን ያዝኩት። መጀመሪያው ደህና ነበር። ወገቡ ላይ ስንደርስ ግን ሞተሩ ትንፋሽ አጠረው። ነዳጅ ብሰጥ፣ ብሰጥ፣ ጥቁር ጭስ ነው እንጂ ጉልበት የለም። አንደኛ ማርሽ ላይ እንዳለች ተንቀጠቀጠችና ጠፋች። ፍሬን ረግጬ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ፣ እንደገና ላስነሣ ስል ወደ ኋላ ተንሸራተተች። በዓሉን ሊያከብሩ የሚወጡት ሰዎች ጮሁ። ያኔ እነዚያ ጎረምሶች ከኋላችን ከተፍ አሉ። ለካ "ለማንኛውም" ብለው ቃሬዛውን ይዘው ሲከተሉን ኖሯል!

አባቴ አዩት። አንዲት ቃል ነው የተናገሩት፤ "መልሺኝ።"

ወደ ኋላ እየተንሸራተትኩ በፍሬን አወረድኳቸው። ቤት ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ያን ቀን እህል አልቀመሱም። ከመኪናዬ ይልቅ በእኔ ያዘኑ መሰለኝና ደሜ ፈላ።

"ለኅዳር ማርያም አስገባዎታለሁ" አልኩ ከራስጌያቸው ቆሜ። "ካላስገባሁ መሪ አልጨብጥም። መኪናዋን ሸጬ በግ እጠብቃለሁ።"

"በስለት አትጫወቺ፣ አንቺ ልጅ" አሉኝ፣ ዞር ሳይሉ።

"አልተጫወትኩም።"

በማግሥቱ ደብረ ብርሃን ወረድኩ፣ ተገኘ ጋ። ተገኘ መካኒኬ ነው፤ እጁ ይባረክ፣ አፉ ግን አያርፍም። ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ ብሎ አየና ችግሩን ነገረኝ። እኔም እንደገባኝ ልንገራችሁ። ቱርቦ ማለት የአንጥረኛ ወናፍ ማለት ነው። ሞተሩ በሚተፋው ጭስ ይሽከረከርና አየር ወደ ሞተሩ ይገፋል። አየር በደንብ ሲገባ ናፍጣው በደንብ ይነድዳል፣ ጉልበት ይመጣል። ግፊቱ እንዳይበዛ ደግሞ ማስተንፈሻ በር አለው። የእኔዋ መኪና ማስተንፈሻ በር ችኩል ነው፤ ወናፉ ገና መንፋት ሲጀምር ተከፍቶ ያስተነፍሳል። ይህ ለቆላ ሰው ምኑም አይደለም። እኛ ጋ ግን አየሩ ራሱ ስስ ነው። ጓሳ ላይ እሳት ለማያያዝ የታገለ ሰው ያውቀዋል።

"በሩን በኤሌክትሪክ የሚቆጣጠር ሳጥን አለ" አለኝ ተገኘ። "እሱ ካልፈቀደ በሩ አይከፈትም። ግፊቱን አንቺ እስከ ፈለግሽው ቁጥር ድረስ ትሞዪዋለሽ።" ከመደርደሪያው አንድ አውርዶ አሳየኝ፤ ሰፊ መስታወት ያለው፣ ሲያበሩት ሰማያዊና ቀይ የሚንቦገቦግ። "ይሄን ያሰረ መኪና ይበራል! ከዚህ በላይ ቁጥር የሚሰጥሽ የለም።"

"እኔ መብረር ምን ያደርግልኛል? አንድ ሽማግሌ ዳገት ማውጣት ነው የፈለግኩት።"

"ቁጥር ካለ ዳገት ይወጣል። እሰሪውና ሞክሪው፤ ካልወደድሽው መልሺው።"

እሺ አልኩ። አሰረልኝና አብረን በጣርማ በር ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ወረድን፤ ከዚያ ፊቴን አዙሬ ዳገቱን መለስኩት። ነዳጅ ሰጠሁ፤ ምንም። ጨመርኩ፤ ምንም። ሞተሩ መጮህ ሲጀምር በድንገት እንደ ደነበረ ፈረስ ተስፈነጠረች። ተገኘ "አየሽ!" አለ፣ በደስታ ጭኑን እየመታ። አየሁ እንጂ። አስፋልት ላይ ስለሆንን ነው የተረፍነው። ወደ አንድ የጠጠር መንገድ አስገባኋትና ያንኑ ሞከርኩ፤ የኋላ ጎማዎቿ ባሉበት ተሽከርክረው ጠጠሩን በተኑት፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። የምትገፋው በኋላ ጎማዋ ብቻ ነው፤ ጉልበት ዘግይቶ ሲመጣባት መሬት መቧጠጥ እንጂ መውጣት አትችልም።

"እስቲ ቆላም እንየው" ብዬ እስከ ሸዋ ሮቢት መውረጃ ወሰድኳት። አየሩ ሲወፍር የሳጥኑ ቁጥር ከተሞላለት አልፎ ሽቅብ ወጣ። ተገኘ "ኧረ እግርሽን አንሺ!" ሲል ጧ! አለ። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የአየር ቱቦ ተነቅሎ ወጣ። መንገድ ዳር ቆመን፣ ተገኘ በሽቦ ሲያስር፣ እኔ ወገቤን ይዤ ከላዩ ላይ ቆሜ ነበር።

"ቁጥሩን ዝቅ እናደርገዋለን" አለኝ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።

"ዝቅ ካደረግከው እኛ ጋ ዳገቱን በምን ልውጣ? በጸሎት?"

"ታዲያ ምን ላድርግልሽ፣ አመቴ?"

"ምንም። ራሴ ሄጄ እመርጣለሁ።"

እውነቴን ነው፤ ቱቦው ሲነቀል ነገሩ ወለል አለልኝ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ግፊቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚወጣ ነው። አንገት አስደፊ ላይ ግን ጥያቄው መቼ ይመጣል የሚለው ነው። ሞተሩ ገና ሳይጮህ፣ ጎማው ሳይሽከረከር፣ ከታች ይዞ የሚነሳ ነው የሚያስፈልገኝ። ይህን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ ዳገት ላይ ወደ ኋላ መንሸራተት ይበቃል።

አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ገባሁ። መለዋወጫ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ሁሉ እንዲህ ያለ ሳጥን ያለው አንዱ ብቻ ነው አሉኝ፤ ባንኮኒው ላይ ሲና የምትባል ልጅ ማስቲካዋን እያኘከች ተቀምጣለች።

"እናቴ፣ ምን ልስጥሽ?"

"የቱርቦ ግፊት መቆጣጠሪያ። ያለሽን ሁሉ አውጪው።"

ሦስት ዓይነት አወጣች። አንዱ ኤሌክትሪክም የሌለው፣ በብሎን የሚጠብቅ የነሐስ ነገር ነው። ሁለተኛው ያው የተገኘ ሳጥን ወንድም ነው፣ መስታወቱ የሚያብለጨልጭ። ሦስተኛው ጥቁር፣ ደብዛዛ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ሳጥን፤ ሁለት ቁልፍና አንዲት ትንሽ መርፌ ብቻ ያለው።

"ይሄንንስ ተዪው" አለችኝ ስለ ጥቁሩ። "እውነቱን ልንገርሽ፣ ማንም አይገዛውም። መብራት የለው፣ ቁጥሩም ትንሽ ነው።"

"በሩን መቼ ነው የሚከፍተው?"

"እ?"

"ሳጥኑ። የማስተንፈሻውን በር መቼ መክፈት ይጀምራል? ገና ከጅምሩ ነው ወይስ ግፊቱ ከሞላ በኋላ?"

ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች። "እሱን... ማንም ጠይቆኝ አያውቅም" አለች።

"እንግዲያው እንየው።"

በሩን የሚከፍተው ዘንግ ያለበት፣ ጣሳ የመሰለ ዕቃ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ አውርጂልኝ አልኳት። ሱቁ አጠገብ ጎሚስታ አለ፤ ኮምፕረሰርህን ለአፍታ አውሰን ብዬ ቱቦውን በመስኮት ጎትቼ አስገባሁ። ሲና መጀመሪያ ደነገጠች፤ ባለቤቱ ቢመጣ ምን እላለሁ ብላ በር በሩን አየች። ኋላ ግን ራሷ ባትሪ ፈልጋ ሽቦውን ታገናኝልኝ ጀመር። ጎሚስታውም ሥራውን ትቶ መጣ። አየሩን ቀስ እያልን ለቀቅን።

ብሎን ያለው ገና አየሩ ሲነካው ዘንጉ ተገፋ፤ በሩ ከጅምሩ ያፈስሳል ማለት ነው። ጣልነው። ባለ መስታወቱ መብራቱን እያንቦገቦገ ቆየና ግፊቱ ግማሽ ላይ ሳይደርስ ዘንጉ ቀስ ብሎ መንሸራተት ያዘ። "አየሽ ሌባውን!" አልኳት። ጥቁሩን አሰርን። መርፌው ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ፤ ዘንጉ ንቅንቅ የለም። ጎሚስታው "ተበላሽቷል እንዴ?" አለ። መርፌው የሞላንለት ልክ አጠገብ ሲደርስ ብቻ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ወጣና በሩን ከፈተ።

"ውይ!" አለች ሲና።

"ይሄ ነው" አልኩ። ስለ ቁልፎቹም ጠየቅኳት። አንዱ ለደጋ፣ አንዱ ለቆላ የተለያየ ልክ መያዝ ይችላል፤ ግፊቱ ከተወሰነለት ካለፈ ደግሞ ራሱ በሩን ከፍቶ ያስተነፍሳል። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ለተገኘ ደወልኩለት። "ከፍተኛው ስንት ነው?" አለኝ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ።

"አልጠየቅኩም።"

"ምን ማለት ነው አልጠየቅኩም? አመቴ፣ ጤና የለሽም እንዴ!"

"ጤናዬን ዘመሮ መጥተህ ታየዋለህ። ልኩ የሚሞላው ዳገቱ ባለበት ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ሞልተህ አትልከኝም።"

እያጉረመረመ መጣ። አሰረልኝ፣ ደጁ ላይ ሞላልኝ፤ ከዚያ በአባቴ ምትክ ገብስ በጆንያ ከጎኔ አስቀምጠን አንገት አስደፊን ያዝነው። ባለፈው የጠፋችበት ቦታ ላይ ስደርስ ሆን ብዬ አቆምኳትና ከቆመችበት አስነሣኋት። መርፌዋ ሞተሩ ሳይጮህ ብድግ አለች፤ ጎማዎቿ ጠጠሩን ነክሰው ያዙ። የማርያም ግቢ በር ድረስ ወጣን! ወርጄ እልል አልኩ፣ ብቻዬን። ተገኘ ጆንያውን ደገፍ ብሎ "ለዚህ ዳገት ይሁንልሽ" አለ። "ለአስፋልት ግን አሁንም የእኔው ይሻላል።" ይበል፤ ምን ቸገረኝ?

የኅዳር ማርያም ዕለት ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። አባቴ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መሐል ይዘው ከጎኔ ተቀመጡ። በአንድ እጃቸው የወንበሩን ጠርዝ ጨብጠዋል። ፈርተዋል። እኔ ግን ልቤ ሙሉ ነበር።

አንገት አስደፊን ጀመርን። ሰው ነጭ ለብሶ ግራና ቀኝ ይወጣል፤ መንገድ እየለቀቀ ያሳልፈናል። ያች ክፉ ቦታ ደረሰች፣ አለፈች። አባቴ የወንበሩን ጠርዝ የጨበጡበትን እጅ ላላ አደረጉ። "እሰይ!" አልኩ ጮክ ብዬ። "አላልኩዎትም? አላልኩም!"

ከፊታችን የኮሶው ዛፍ ታየ፤ ከእሱ በላይ ደግሞ የማርያም ጉልላት።

"አቁሚ" አሉ አባቴ።

"ምን?"

"አቁሚ አልኩሽ። መሳለሚያው ነው።"

ሞቼ ነው ቆሜ? መሳለሚያው! ቤተ ክርስቲያኗ መጀመሪያ የምትታይበት ቦታ ናት። በበቅሎም በፈረስም የመጣ ሰው እዚያ ይወርዳል፤ ተሳልሞ ከዚያ በኋላ በእግሩ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በእግሬ ስለወጣሁት ከምን እወርዳለሁ? ተሳልሜ ማለፍ ብቻ ነው የማውቀው። ጠጠሩን መረመርኩ፣ አየሩን መረመርኩ፣ ግፊቱን መረመርኩ፤ የአባቴን ሕግ ሳልመረምር ወጣሁ!

"አባዬ፣ እዚህ ዳገት መሐል? የቀበሌው ሊቀ መንበር እንኳ በሞተር ሳይክሉ እስከ በሩ ነው የሚሄደው!"

"እሱ የእኔ ተማሪ አይደለም" አሉ።

አቆምኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? የእጅ ፍሬን ያዝኩ፣ አንድ ሰው ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባልኝ። አባቴ በሩን ከፍተው በመከራ ወረዱ። ጎንበስ አሉ፣ "ሰላም ለኪ" አሉ፣ የመሳለሚያውን ድንጋይ ተሳለሙ። ከዚያ ቀና ብለው ዳገቱን አዩት። አንድ እርምጃ ወጡ። በሁለተኛው ጉልበታቸው ከዳቸውና የመኪናዋን በር ያዙ። ከኋላ እነዚያ ልጆች ያንን ቃሬዛ ይዘው ብቅ አሉ።

"ያንን እንጨት ከዓይኔ አርቁልኝ!" ብዬ ጮህኩባቸው። ድምፄ ገደሉ ላይ አስተጋባ። ሰው ሁሉ ቆመ። አባቴ ያለቅሱ ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ ካለቀሱ እኔም አልችልም ነበር።

እሳቸው ግን መኪናዋን ያዩ ነበር። መቋሚያቸውን ለአንዱ ልጅ ሰጡና ኮፈኑን እየተደገፉ በእኔ በኩል ዞረው መጡ። የመስኮቴን ጠርዝ ያዙ።

"ይቺ መኪናሽ ቀስ ብላ መውጣት ትችላለች?"

"ምን ያህል ቀስ?"

"በእኔ ልክ።"

በእሳቸው ልክ! ዳገት በሩጫ መውጣት ቀላል ነው። በሽማግሌ እርምጃ መውጣት ግን ለሞተር ሞት ነው፤ ጭሱ አንሶ ወናፉ አይነፋም። ከጠፋችብኝ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች፣ እሳቸውም መስኮቱን እንደያዙ ይጎተታሉ። ይህንኑ ነገርኳቸው፤ አልደበቅኩም።

"አትጠፋም" አሉ።

"በምን አወቁ?"

"አንቺ አይደለሽ የመረጥሽው?"

ፍሪሲዮን ያዝኩ፣ አንደኛ አስገባሁ፣ ነዳጅ ሰጠሁ። መርፌዋ ተነሣች። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ፣ ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፤ ድንጋዩን ለቃ አንድ እርምጃ ሄደች። አባቴም ሄዱ። የፍሪሲዮኑ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ነዳጅ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። መርፌዋ ትወርድና ልትወድቅ ስትል ሳጥኑ ማስተንፈሻውን ዘግቶ እንደያዘ ነውና እንደገና ቀና ትላለች። እጃቸው ከክንዴ አጠገብ ነው፤ ጅማቱ ተገትሮ አየዋለሁ። መኪናዋ ትጎትታቸዋለች፣ እሳቸው ይረግጣሉ። ከትንፋሻቸው ጋር የሆነ ዜማ ይሰማል፤ እርምጃቸውን በዜማ ነው የሚቆጥሩት። ሰውም ከኋላችን በእኛ ልክ መራመድ ጀመረ። ማንም አልቀደመንም።

በሩ ጋ ስንደርስ እጃቸውን ከመስኮቱ አነሡ። መቋሚያቸውን ተቀበሉ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ወደ ግቢው ገቡ። በእግራቸው! ሴቶቹ እልልታውን ለቀቁት። እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ ነበር፤ እጄ አልላቀቅ ብሎኝ።

ኋላ ታቦቱ ሲወጣ፣ ከሴቶቹ በኩል ቆሜ፣ ከዘማሪዎቹ ድምፅ ሁሉ መሐል የእሳቸውን ለይቼ ሰማሁት። ቤቴ ፀሐይ ላይ ሲያጉተመትሙ የምሰማው ድምፅ አልነበረም። እንደ ልጅነቴ ጊዜ ነው የወጣው፣ ወፍራምና ደፋር። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ይኼን ያህል የኮራሁበት ቀን የለኝም።

ከሰዓት በኋላ ታቦቱ ገብቶ ሰው ሲበተን መኪናዋን አዙሬ አቆምኩና ልወስዳቸው ገባሁ። ቤተ ልሔሙ ጋ የሉም፣ ዕቃ ቤቱም ጋ የሉም። ተማሪዎቹ ጎጆ ውስጥ አገኘኋቸው። ወለሉ ተጠርጎ አዲስ የጓሳ ሣር ተጎዝጉዞበታል፤ አባቴ የሱፍ ባና ለብሰው ተቀምጠዋል። ዳዊታቸው ከነማኅደሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። መቼ ከቤቴ እንዳስመጡት እንጃ።

"አባዬ፣ ተነሱ እንጂ፣ ብርዱ ሳይመጣ እንውረድ።"

ተማሪዎቹ መሬት መሬት አዩ።

"አልወርድም" አሉ።

"እንዴት አይወርዱም?"

"እዚሁ እሆናለሁ። ልጆቹ አሉ።"

ጮህኩ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ መሆኑን ረስቼ ጮህኩ። ማን ያበስልልዎታል፣ ጉልበትዎን ማን ያሽልዎታል፣ በዚህ ብርድ፣ በዚህ ዕድሜ፣ እኔ ምን አጎደልኩ! ብዬ። እስክጨርስ አዳመጡኝ።

"አመተሥላሴ" አሉ፣ "ይህን ሁሉ የለፋሽው እዚህ ልታደርሺኝ አልነበረም?"

"ነበር።"

"ደረስኩ።"

እኔ ያመጣኋቸው ለበዓሉ ነበር፤ እሳቸው የመጡት ያን የቃሬዛ ቀን እዚሁ፣ ደጇ ላይ ሆነው ሊጠብቁት ነው። ይህ ሲገባኝ እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ እንደ ሕፃን። እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው መረቁኝ።

"እሑድ እሑድ እመጣለሁ" አልኳቸው አፍንጫዬን በነጠላዬ እየጠረግኩ።

"ነይ" አሉ። "መሳለሚያው ጋ ግን ውረጂ።"

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። እሺ አልኳቸው፣ ጉልበታቸውን ሳምኩና ወጣሁ። አንገት አስደፊን ብቻዬን ወረድኩት።